«እምቢ» የማለት ሥልጣን፦ በጄን ኦስተን ልቦለዶች ውስጥ የመተጫጨት ወግ

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር የጄን ኦስተንን ሁለት ልቦለዶች፣ «ፕራይድ ኤንድ ፕሪጁዲስ»ን እና «ፐርስዌዥን»ን አንብበናል። መምህራችን ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያት «ጠንካራ ሴቶች» ይሏቸዋል። እኔ ግን ያገኘሁት ሳሎን ተቀምጠው ወንድ መጥቶ እስኪጠይቃቸው የሚጠብቁ ሴቶችን ነው። ጠያቂው ወንድ፣ ወሳኙ ወንድ፣ ሀብቱም የወንድ ነው። ይህ ሽማግሌ ልኮ ልጅ ከመጠየቅ በምን ይለያል? ጥንካሬያቸውስ ምኑ ላይ ነው?

ምላሽ፦ ከዘረዘሯቸው ሦስት ነገሮች ሁለቱን ያለ ክርክር እቀበላለሁ። በእነዚህ ልቦለዶች ውስጥ ጠያቂው ወንድ ነው፤ ሀብቱም፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ በወንድ እጅ ነው። «ወሳኙ ወንድ» ያሉትን ግን አልቀበልም፤ ምላሼም በሙሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው። ኦስተን የጻፈችላቸው ሴቶች በሕግም በወግም አንድ ሥልጣን ብቻ ነበራቸው፤ እርሱም «እምቢ» የማለት ሥልጣን ነው። እርስዎ መጠበቅ ብለው ያነበቡትን እኔ የማነበው፣ በዚህች አንዲት ቃል ምን ያህል መናገር እንደሚቻል የሚፈትን ረጅም ሙከራ አድርጌ ነው።

በመጀመሪያ ከሽማግሌው ጋር ያለውን ልዩነት እንመልከት። በእኛ ወግ ጥያቄው የሚጀምረው ከአባት ደጅ ነው። ሽማግሌዎች ይላካሉ፤ አባትም ቀጠሮ እየሰጠ ደጅ ያስጠናቸዋል፤ ልጅቷ ብትጠየቅም በመጨረሻ ነው፣ በጥንቱ ሥርዓት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጭራሽ አትጠየቅም። በኦስተን እንግሊዝ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ወንዱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ልጅቷን፣ ያውም በገዛ አንደበቱና ለብቻዋ ሆና ነው፤ ወደ አባቷ የሚሄደው እሺታዋን ካገኘ በኋላ ነው። እናት ልጇን ለመዳር እጅግ ብትቸኩል እንኳ ማድረግ የምትችለው ሌላዋን ልጇን ከክፍሉ ጎትታ በማውጣት ጠያቂውንና ተጠያቂዋን ለብቻቸው መተው ነው፤ በ«ፕራይድ ኤንድ ፕሪጁዲስ» የቤተሰቡ ሩቅ ዘመድ የሆነው ቄሱ ኮሊንስ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ኤሊዛቤትን ሊጠይቅ በመጣ ጊዜ እናቷ ወይዘሮ ቤኔት ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃዎች ያህል፣ በዚያች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ውሳኔው ሙሉ በሙሉ በልጅቷ እጅ ይወድቃል። ከዚያ በፊት በእጇ አልነበረም፤ ተጋብታ ከወጣችም በኋላ በእጇ አይሆንም። ልቦለዶቹ በእነዚያ ደቂቃዎች ዙሪያ የተገነቡበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ወጉን ራሷ ኦስተን በጨዋታ መልክ አስፍራዋለች። «ኖርዛንገር አቢ» በተባለው ልቦለድ ውስጥ ሄንሪ ቲልኒ የሚባል ወጣት ቄስ በዳንስ አዳራሽ ውስጥ ዳንስንና ጋብቻን ሲያነጻጽር፣ በሁለቱም የመምረጥ ዕድል ያለው ወንዱ እንደሆነና ለሴቷ የተተወላት እምቢ ማለት ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ይህ ቀልድ ነው፤ የዳንሱ ሕግ ግን እውነተኛ ነበር። ሴት ተነሥታ ወንድን ለዳንስ አትጠይቅም። ከዚህም በላይ አንዱን ወንድ እምቢ ብላ በዚያው ምሽት ከሌላው ጋር መደነስ ነውር ነው፤ እምቢ ካለች ቁጭ ብላ ታመሻለች። በ«ፕራይድ ኤንድ ፕሪጁዲስ»፣ ኔዘርፊልድ በተባለው የጎረቤት ቤት በተደረገው የዳንስ ምሽት ኮሊንስ በድጋሚ አብሬሽ ልደንስ ብሎ ኤሊዛቤትን ሲያስቸግራት እምቢ በማለቷ፣ እርሱም ከአጠገቧ አልንቀሳቀስ በማለቱ፣ ከሌላ ሰው ጋር የመደነስ ዕድሏ ተዘግቶባታል። አንባቢ ይህችን ዓረፍተ ነገር እንደ ተራ ዝርዝር አልፏት ይሄዳል፤ ነገር ግን የመጽሐፉ ሙሉ ጭብጥ በትንሹ ተቀርጾባታል፤ እምቢታ መብት ነው፣ ዋጋው ግን ባዶ ወንበር ላይ መቅረት ሊሆን ይችላል።

ባዶው ወንበር ከዳንስ አዳራሽ ውጭ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል፤ ኦስተን ስለ ገንዘብ ስትጽፍ አታፍርምና። የቤኔት ቤተሰብ ገቢ በዓመት 2,000 ፓውንድ ነው፤ መሬቱ ግን በወንድ መስመር ብቻ እንዲተላለፍ በሰነድ የታሰረ ስለሆነ፣ አባት ሲሞት አምስቱን ሴቶች ልጆች አልፎ ለሩቅ ዘመዱ ለኮሊንስ ይሄዳል። ኮሊንስ ራሱ በጋብቻ ጥያቄው መካከል እንደሚያስታውሳት፣ ለኤሊዛቤት የሚደርሳት እናቷ ከሞተች በኋላ በመቶ አራት የሚወለድበት 1,000 ፓውንድ ብቻ ነው። ይህም በዓመት 40 ፓውንድ መሆኑ ነው። ኋላ የሚጠይቃት የባለሀብቱ የዳርሲ ገቢ በዓመት 10,000 ፓውንድ ነው። ኤሊዛቤት ገና 21 ዓመት ሳይሞላት ሁለት ሰዎችን እምቢ አለች፤ አንደኛው የአባቷ ቤት ወራሽ ነው፣ ሁለተኛው ከአባቷ አምስት እጥፍ የሚበልጥ ገቢ ያለው ሰው ነው። ይህን ሒሳብ ሳይዙ መጽሐፉን ማንበብ የገጸ ባሕርይዋን ድፍረት ሳያዩ ማለፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ የእኛ አገር አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚስተው ነገር ስለሆነ። የእንግሊዟ ሴት በሁሉም ረገድ ከእኛ አያቶች የተሻለች ነጻ እንደነበረች አድርገን እናስባለን። በንብረት በኩል እውነቱ ወደ ተቃራኒው ያደላል። በአማራው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ወገን ርስት የመውረስ መብት ነበራት፤ በተግባር ወንድሞቿ ቢያስቸግሯትም መብቱ የታወቀ ነው። በሰማንያ ያገባች ሴት ትዳሩ ሲፈርስ ድርሻዋን ይዛ ትወጣለች፤ የአባቷንም ስም አትጥልም። የእንግሊዝ ሴት ግን ስታገባ በሕግ ፊት በባሏ ውስጥ ትጠፋለች፤ ገንዘቧ የባሏ ይሆናል፤ በስሟ መዋዋልም መክሰስም አትችልም። ይህ በአግባቡ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1882 በወጣው ያገቡ ሴቶች የንብረት ሕግ ነው፤ ኦስተን ከሞተች 65 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ባለጠጋ ቤተሰቦች ከጋብቻ በፊት በሚጻፍ የንብረት ውል ለልጃቸው ጥቂት መከላከያ ያበጁላት ነበር፤ የሚቋጥሩት የሌላቸው ግን ይህ አልነበራቸውም። ስለዚህ «ሚስ ኤሊዛቤት ቤኔት» የሚለው ስም ወደ «ሚስስ ዳርሲ» ሲለወጥ የተለወጠው መጠሪያ ብቻ አይደለም። ኤሊዛቤት እሺ ስትል የምትሰጠው ነገር ሊመለስ የማይችል ነው፤ ፍቺ ለማግኘት በፓርላማ የተለየ ሕግ ማስወጣት ያስፈልግ ነበርና ለተራው ሰው አይታሰብም። እሺታ የማይመለስ ከሆነ፣ እምቢታ ልጅቷ ሰውየውን ለማወቅ ጊዜ የምትገዛበት ብቸኛው መሣሪያ ይሆናል።

አሁን ወደ ኮሊንስ እንመለስ። የጥያቄው ትዕይንት ስለሚያስቅ መራራነቱ ይረሳል። ኤሊዛቤት እምቢ ትለዋለች፤ ኮሊንስ ግን አይሰማትም። እንደ እርሱ አስተሳሰብ ጨዋ ልጅ በልቧ የተቀበለችውን ሰው እንኳ መጀመሪያ እምቢ ትላለች፤ ስለዚህ እምቢታዋ እሺታ ነው። እንደገና እምቢ ትለዋለች፤ እርሱም ይበልጥ ተስፋ ያደርጋል። ለሴት የተተወላት ቃል አንድ ብቻ ነው ብለናል፤ ኮሊንስ ያችኑ አንዲት ቃል ትርጉም ያሳጣታል። ኤሊዛቤት በመጨረሻ የምትጠይቀው፣ ወንድን ለማሰቃየት እንደምትሽኮረመም የሳሎን ሴት ሳይሆን ከልቧ እውነት እንደምትናገር አስተዋይ ፍጡር እንድትቆጠር ነው። ይህን ስትል እንኳ ኮሊንስ አልገባውም። «እናትሽና አባትሽ ሲያዙሽ ትቀበዪኛለሽ» በሚል መንፈስ ይመልስላታል። እርስዎ ያነሱት የሽማግሌ ሥርዓት እዚህ በመስኮት ሊገባ ይሞክራል፤ እናት ትጮኻለች፣ ልጄን እዘዝልኝ ብላም ወደ ባሏ ትሮጣለች። አባትየው ልጁን በማስገደድ ፈንታ በቀልድ ይገላግላታል። አባቷ ሌላ ዓይነት ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ በዚያ ምዕራፍ ያልቅ ነበር፤ ኦስተንም ይህን ታውቃለች።

ታውቃለች የምለው በግምት አይደለም፤ በሌላ ልቦለድ ውስጥ ያንኑ ሌላ ዓይነት አባት ጽፋዋለችና። በ1814 በወጣው «ማንስፊልድ ፓርክ» ፋኒ ፕራይስ በባለጠጋ አጎቷ ቤት በችሮታ የምታድግ፣ አንገቷን ደፍታ የምትኖር ልጅ ናት። ሄንሪ ክሮፎርድ የተባለ ባለሀብት ሲጠይቃት እምቢ ትላለች። አጎቷ ሰር ቶማስ አይደበድባትም፤ በእርጋታ ውለታ ቢስነቷን ይዘረዝርላታል፤ እርሷም ታለቅሳለች። ቀጥሎም ወደ ድሀው የወላጆቿ ቤት ወደ ፖርትስመዝ ይልካታል፤ የሀብታም ባል ዋጋ በችግር ውስጥ ሆና እንዲገባት አስቦ ነው። ብዙ አንባቢዎች ፋኒን አይወዷትም፤ ደካማና ቀዝቃዛ ይሏታል። እኔ በሌላ መንገድ አያታለሁ። ኤሊዛቤት ቀልደኛ አባት፣ ስል አንደበትና ጥሩ ጤና ነበሯት፤ ፋኒ ከእነዚህ አንዱም የላትም፤ እምቢታዋ ግን አልተናወጠም። ጥንካሬን በድምፅ ከፍታ ካልለካን በስተቀር፣ ከሁለቱ ከባዱን ፈተና ያለፈችው ፋኒ ናት።

በዚህ አንጻር የኤሊዛቤትን ጓደኛ ሻርሎት ሉካስን መዝለል አይገባም፤ እሷ የኦስተን ሐቀኝነት ምስክር ናት። ሻርሎት 27 ዓመቷ ነው፤ መልከ ቀና አይደለችም፤ ገንዘብም የላት። ኤሊዛቤት የጣለችውን ኮሊንስን ሦስት ቀን ሳይሞላ ተቀበለችው። ወንድሞቿ ደስ ያላቸው ቆሞ ቀር ሆና በእነርሱ እጅ እንዳትቀር ይፈሩ ስለነበር እንደሆነ ደራሲዋ በግልጽ ትጽፋለች። ኤሊዛቤት ትደነግጣለች፤ ሻርሎት ግን ከቤት በቀር ሌላ እንደማትፈልግ፣ ፍቅር አሳዳጅም ሆና እንደማታውቅ ትነግራታለች። በኋላ ኤሊዛቤት ልትጠይቃት ስትሄድ፣ ሻርሎት ባሏ በብዛት የማይገባበትን ክፍል ለራሷ መቀመጫ መምረጧን፣ አትክልት እንዲኮተኩትም እንደምታበረታታው ታያለች። በእነዚህ ሁለት ዝርዝሮች ውስጥ አንድ ሙሉ ትዳር አለ። ደራሲዋ አትፈርድባትም፤ አታወድሳትምም። እምቢ የማለት ሥልጣን ለሁሉም ሴት እኩል እንዳልተከፋፈለ ግን አሳየችን።

ከእምቢታው በፊት ያለው ዝምታ ሌላው የወጉ ወጥመድ ነው። ሴት ወንዱ ከመናገሩ በፊት ስሜቷን መግለጥ የለባትም። ይህን እንደ ሥነ ምግባር ሕግ በጽሑፍ ያስቀመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ልቦለድ ጸሐፊው ሳሙኤል ሪቻርድሰን በ1751 ወንዱ ፍቅሩን ከማወጁ በፊት ሴት ልጅ መውደድ እንደማይገባት ጽፎ ነበር፤ ኦስተንም በ«ኖርዛንገር አቢ» ይህንኑ አንስታ ልጅ ወንዱ አልሟት እንደሆነ ሳታውቅ እርሱን ልታልመው አይገባም ማለት ነዋ ብላ ትሳለቅበታለች። በ«ፕራይድ ኤንድ ፕሪጁዲስ» ግን ቀልዱ ዋጋ ያስከፍላል። የኤሊዛቤት እህት ጄን የዳርሲን ጓደኛ ቢንግሊን ትወዳለች፤ እንደ ጨዋ ልጅ ግን ስሜቷን በፈገግታዋ ስር ትሸፍናለች። ሻርሎት አስቀድማ ታስጠነቅቃለች፤ ሴት ከሚሰማት ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ብታሳይ ይሻላታል፣ አለዚያ ሰውየው ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል ትላለች። የሆነውም ይኸው ነው። ዳርሲ ጄንን በቅርብ ካስተዋላት በኋላ ፍቅር የያዛት አትመስልም ብሎ ይደመድማል፤ ጓደኛውንም ከእርሷ ያርቀዋል። ወጉን ሳታጓድል የፈጸመችው ልጅ በመፈጸሟ ተቀጣች። ብትገልጥ ነውር፣ ብትሸፍን ኪሳራ፤ ይህ የሴቷ ድርሻ ነው።

ደብዳቤም በዚሁ ሕግ ስር ነበር። ያልተጫጩ ወንድና ሴት አይጻጻፉም። በ1811 በወጣው «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ» ማሪያን ለምትወደው ለዊለቢ ደብዳቤ ስትጽፍ እህቷ ኤሊነር ወዲያውኑ ተጫጭተዋል ብላ ታስባለች፤ ሌላ ሊሆን አይችልምና። ሲጣራ ግን ምንም ቃል አልተገባም ነበር። ይህን ስናውቅ ዳርሲ እምቢ ከተባለ ማግስት ደብዳቤውን በፖስታ ሳይልክ መንገድ ላይ ጠብቆ በእጇ የሰጣት ለምን እንደሆነ ይገባናል። በፖስታ ቢመጣ የቤቱ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ የልጅቷ ስምም ይነሣል። ኤሊዛቤት ደብዳቤውን ደጋግማ ታነበዋለች፤ መልስ ግን ልትጽፍለት አትችልም። ስለ መልከ መልካሙ መኮንን ስለ ዊክሃም የተሳሳተችውን አውቃለች፣ በዳርሲ ላይም የፈረደችው በችኮላ እንደሆነ ገብቷታል፤ ይህን የምትነግርበት መንገድ ግን የላትም። መጽሐፉ ከዚህ በኋላ የሚሄደው በዚህ እገዳ ኃይል ነው።

ወንዱስ? ጥያቄዎ ስለ ሴቶቹ ብቻ ነው፤ ወንዱ ግን እንደ ልቡ የሚፈነጭበት ዓለም ተደርጎ እንዳይታሰብ ባጭሩ ልጨምር። አንድ ጊዜ ከጠየቀና እሺ ከተባለ ወንድ ቃሉን ማፍረስ አይችልም፤ የተካደችው እጮኛ በፍርድ ቤት ካሣ ልትጠይቀው ትችላለች፣ ክብሩንም ያጣል። በ«ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ» ኤድዋርድ ፌራርስ በልጅነቱ ለሉሲ ስቲል የገባውን ቃል፣ ፍቅሩ ካለቀ ከዓመታት በኋላም ይዞ የሚማቅቀው ለዚህ ነው፤ ነጻ የሚወጣው እርሷ ስትተወው ብቻ ነው። ርስት ሁሉ ለበኩር ልጅ ስለሚሄድም ታናናሽ ወንድሞች እንደ ልባቸው አያገቡም፤ የዳርሲ ዘመድ ኮሎኔል ፊትዝዊሊያም ኤሊዛቤትን እየወደዳት፣ ሀብት የሌላትን ሴት ማግባት እንደማይችል በትሕትና ያስገነዝባታል። ይህ ሁሉ ቢሆንም ሁለቱ ሸክሞች እኩል አይደሉም፤ ኮሎኔሉ ሌላ ሰው ዘንድ ሄዶ መጠየቅ ይችላል።

የዳርሲ የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙ ተብሎለታል፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። ዳርሲ ሲጠይቅ እሺታን ያልተጠራጠረ ሰው ነው፤ ስለ ቤተሰቧ ዝቅተኝነት እየተናገረ ይጠይቃታል፤ ሀብቱ ለራሱ መልስ እንደሚሆን ያምናል። ኮሊንስ እምቢታን አልሰማም ነበር፤ ዳርሲ ይሰማል። ልዩነታቸው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ኤሊዛቤት እንደ ጨዋ ሰው እንዳልጠየቃት የነገረችው ቃል ለወራት ሲያሰቃየው እንደቆየ በኋላ ይነግራታል፤ ጠባዩን ያረመውም በእርሷ ቃል ነው። ስለዚህ በኦስተን ዘንድ የአንድ ወንድ ለትዳር መብቃት መለኪያው ውበቱም አንደበቱም አይደለም፤ ዊክሃም ሁለቱም ነበሩት። መለኪያው የሴትን እምቢታ እንደ እምቢታ መስማቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነገር ይመጣል፤ በእኔ ግምት የመጽሐፉ ብልሃተኛ ቦታ ይህ ነው። ኤሊዛቤት ዳርሲን መውደዷን አውቃለች፤ መናገር ግን አትችልም። የዳርሲ አክስት ሌዲ ካትሪን በቁጣ መጥታ እርሱን ላለማግባት ቃል እንድትገባላት ታዝዛታለች። ኤሊዛቤት እምቢ ትላለች። አገባዋለሁ አላለችም፤ እወደዋለሁም አላለችም፤ ወግ የፈቀደላትን ያችኑ ቃል ብቻ ተናገረች። አክስትየው በንዴት ሄዳ ለዳርሲ ስታወራለት ግን እርሱ የሰማው ሌላ ነገር ነው፤ ይህች ልጅ ልትጠላኝ ቆርጣ ቢሆን ኖሮ ለአክስቴ በግልጽ ትነግራት ነበር ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። እርስዎ «ተቀምጠው ይጠብቃሉ» ብለው ነበር፤ ይህች ልጅ ግን በእምቢታ ቋንቋ ፍቅሯን ተናገረች፣ መልእክቱንም ያደረሰችላት የጋብቻው ዋና ጠላት ናት።

ደራሲዋ ይህን ሥልጣን በራሷ ሕይወትም ተጠቅማበታለች። በታኅሣሥ 1802፣ 27ኛ ዓመቷን ልትደፍን ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀራት፣ የቤተሰብ ወዳጅና የትልቅ ርስት ወራሽ የነበረው ሃሪስ ቢግ ዊዘር ጠየቃትና እሺ አለችው፤ በማግስቱ ጠዋት ቃሏን አንሥታ ከዚያ ቤት ወጣች። ከዚያ በኋላ አላገባችም። ልቦለዶቿ በሕይወት ሳለች ስሟ ሳይጻፍባቸው ወጡ፤ የመጀመሪያው ላይ የተጻፈው «በአንዲት ወይዘሮ» የሚል ብቻ ነው፤ የ«ፕራይድ ኤንድ ፕሪጁዲስ»ን ሙሉ መብት ለአሳታሚው የሸጠችውም በ110 ፓውንድ ነው። የሕይወት ታሪኳን ለልቦለዶቿ ቁልፍ ማድረግ አልወድም፤ የሻርሎትንና የ«ፐርስዌዥን»ዋን ዋና ገጸ ባሕርይ የአን ኤሊየትን ዕድሜ 27 ያደረገች ሴት ቁጥሩን ከየት እንዳመጣችው መጠርጠር ግን አይከለከልም።

አሁን «ፐርስዌዥን» ላይ ደረስን፤ ለጥያቄዎ ከሁሉ የተሻለው መልስ ያለው እዚህ ነው። አን ኤሊየት በ19 ዓመቷ፣ በ1806 ዌንትዎርዝ ከሚባል ገንዘብ ከሌለው የባሕር ኃይል መኮንን ጋር ተጫጭታ ነበር። እናቷን የምትተካላት ሌዲ ራስል መክራ አስፈረሰችው። ስምንት ዓመት አልፎ ዌንትዎርዝ ከጦርነቱ 25,000 ፓውንድ ይዞ ይመለሳል፤ ይቅር ግን አላላትም። ልብ ይበሉ፤ ይህ ከቀደሙት ልቦለዶች የተለየ ችግር ነው። አን ሥልጣኗን ተጠቅማበታለች፤ እምቢ ብላለች፤ ስሕተትም ሆኖባታል። አሁን የሚያስፈልጋት ወጉ ለሴት ያልሰጣት ነገር ነው፤ ቀድማ መናገር አለባት።

ኦስተን መጀመሪያ የጻፈችው መደምደሚያ ይህን ችግር አይፈታም ነበር። የልቦለዱን ረቂቅ ሐምሌ 18 ቀን 1816 ጨረሰች፤ ልክ ከመሞቷ አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በዚያ ረቂቅ ውስጥ አን ሌላ ሰው ልታገባ ነው የሚል ወሬ ተሰምቶ፣ ዌንትዎርዝ ወሬው እውነት መሆኑን እንዲጠይቃት በዘመዱ በአድሚራል ክሮፍት ይላካል። ይጠይቃታል፤ ወሬው ሐሰት ነው ትለዋለች፤ ይታረቃሉ። ያው አሮጌው ሥርዓት ነው፤ ወንድ ይጠይቃል፣ ሴት ትመልሳለች፤ መልሷም አንድ «አይደለም» ነው። ደራሲዋ አልወደደችውም። ነሐሴ 6 ላይ አዲሱን ጽፋ ጨረሰች። የተጣሉት ምዕራፎች ረቂቅ በእጅ ጽሑፏ ዛሬም አለ፤ ከስድስቱ ዋና ዋና ልቦለዶቿ በእጅ ጽሑፍ የቀረልን እርሱ ብቻ ነው። ምን እንደጣለችና ምን እንዳስገባች ጎን ለጎን ማየት የቻልነውም በዚህ ዕድል ነው። እኔ በክፍል ውስጥ ሁለቱን ሳስነብብ ተማሪዎች ከማብራሪያዬ ይልቅ በንጽጽሩ ያምናሉ፤ እርስዎም እንዲያነቧቸው እመክራለሁ።

በአዲሱ መደምደሚያ አን በባዝ ከተማ በዋይት ሃርት ሆቴል አንድ ክፍል ውስጥ ቆማ ከዌንትዎርዝ ጓደኛ ከካፒቴን ሃርቪል ጋር ትነጋገራለች። የሃርቪል እህት ሞታለች፤ እጮኛዋ የነበረው ሰው ግን ዓመት ሳይሞላ ሌላ ሊያገባ ነው። ሃርቪል ያዝናል፤ ነገር ግን ባጠቃላይ ቶሎ የሚረሱት ሴቶች ናቸው ይላል፤ መጻሕፍቱ፣ ዘፈኑ፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩ ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ ብሎ ይከራከራል፤ ከዚያ ራሱ ቀድሞ፣ እነዚህን የጻፉት ወንዶች ናቸው ትይኝ ይሆናል ይላታል። አንም ትቀበለዋለች፤ መጽሐፍን ለምስክርነት አንጥራ፤ ታሪካቸውን በመናገር ወንዶች ሁልጊዜ ብልጫ ነበራቸው፤ ትምህርቱ የእነርሱ ነበር፤ ብዕሩም በእነርሱ እጅ ነበር ትለዋለች። ቀጥላም ለሴቶች አንድ ብልጫ ብቻ ትጠይቃለች፤ ተስፋ ከሞተ በኋላ እንኳ ረጅም ዘመን መውደድን።

ዌንትዎርዝ በዚያው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ስለ ሃርቪል ጉዳይ ደብዳቤ እየጻፈ ነው። በክርክሩ መካከል ብዕሩ ከእጁ ይወድቃል። ደራሲዋ ይህን አስባ ያደረገች ይመስለኛል፤ ሴቲቱ ስለ ብዕር ባለቤትነት በምትናገርበት ትዕይንት የወንዱ ብዕር መሬት ወደቀ። አን ከዌንትዎርዝ ጋር አንድም ቃል አልተለዋወጠችም፤ ወግ አላፈረሰችም፤ ስለ ሴቶች ሁሉ በጥቅሉ ከሌላ ሰው ጋር ተከራከረች። ግን ቀድማ የተናገረችው እርሷ ናት፤ ዌንትዎርዝ የሚሰማት መልስ ሰጪ ሆኖ ነው። እዚያው ቁጭ ብሎ በሌላ ደብዳቤ ሽፋን ለእርሷ ይጽፋል፤ ይወጣል፤ ጓንቴን ረሳሁ ብሎ ይመለስና ደብዳቤውን ከወረቀቶቹ ስር አውጥቶ ፊቷ ያኖርላታል። በደብዳቤው ውስጥ ውሳኔውን ለእርሷ ይተዋል፤ ዛሬ ማታ ወደ አባቷ ቤት መምጣት አለመምጣቱን አንዲት ቃል ወይም አንዲት እይታዋ ይወስናል ይላታል። የሽማግሌውን ደጅ ጥናት ካነሡ፣ ደጅ የሚጠናው እዚህ ነው፤ ደጁ ግን የአባትየው አይደለም።

አን ደብዳቤውን አንብባ ትርበደበዳለች፤ ዘመዶቿ ታመመች ብለው ሰዎች ተሸክመው የሚወስዱት ወንበር ሊጠሩላት ይፈልጋሉ፤ እርሷ ግን መንገድ ላይ እንድታገኘው በእግሬ ካልሄድኩ ትላለች። ብቻዋን እንዳትሄድ የእህቷ ባል ቻርልስ ያጅባታል። በዩኒየን ስትሪት ዌንትዎርዝ ከኋላቸው ይደርሳል፤ ሰላምታ ይሰጣል እንጂ አብሯቸው ለመሄድ ይጠራጠራል። አን ታየዋለች። በዚያች እይታ መልሱን ያገኛል፤ ከጎኗም ይሄዳል። ቻርልስ ደግሞ አንድ ጠመንጃ ሻጭ ሊያሳየው የቀጠረውን ጥሩ መሣሪያ ለማየት ቸኩሏልና፣ አንን እባክህ እስከ ቤቷ አድርስልኝ ብሎ ዌንትዎርዝን ለምኖ ወደ ጠመንጃው ይሮጣል።